በከበሮው መሃል ያለው ትንፋሽ

«ዓለም ገና ከተማ ውስጥ እኔ ያላናገርኩት ዕቃ ካለ፣ ድሮም አፍ አልነበረውም» ትላለች ያኔት። ዕድሜዋ አሥራ ሰባት ነው። ከተጣሉ ራዲዮኖች በለቀመችው ዕቃ ኮምፕረሰር ሠርታለች። ጎማ የሚነፋው እንዳይመስላችሁ፤ የሚጮኸውን ድምፅ ጫን፣ የሚያንሾካሹከውን ቀና የሚያደርግ ሣጥን ነው።

ስለዚህ ጎረቤቷ እትዬ በቀለች የልጃቸውን ስልክ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሲመጡ ደረቷን ነፋች። ልጃቸው ዲሪባ ከሞተ ስምንት ወሩ ነው። ተፍኪ ከተማ በነበረ ሰርግ ላይ ከበሮ እየመታ ሲዘፍን፣ ስልኩን የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከቶ ራሱን ቀድቶ ነበር። ከእሱ የቀረው ድምፅ ይኸው ብቻ ነው፤ እሱንም ከበሮው ውጦታል።

«አንዴ ልስማው፤ ሌላ አልጠይቅሽም» አሉ።

«እትዬ፣ እርስዎ ቁጭ ይበሉ ብቻ!»

ስልኩን ከሣጥኑ ጋር አገናኝታ ስታስጀምረው ከበሮው ዱም አለ፤ ዘፈኑ ውሃ ውስጥ እንደገባ ሰው ተደፈቀ። ያኔት የሣጥኑን የመጫን ጉልበት የሚጨምረውን ቁልፍ እስከ ጥግ አዞረችው። ዱም። ከምቱ ቀጥሎ ባለው ባዶ ቦታ አንድ ነገር ቀስ እያለ ወጣ፤ የሚያፏጭ፣ የሚሳብ ትንፋሽ። ዱም። ደግሞ ትንፋሽ። ከማጉያው ሳይሆን ከኋላዋ የመጣ መሰላት፤ ማጅራቷን ሞቃት። ቀትር ነው፤ ውጭ ባጃጅ ይጮኻል፤ እሷ ግን ዞሮ ማየት አቃታት።

«ያ ዋቃ! ኧረ አምላኬ!» አሉ እትዬ በቀለች አፋቸውን በነጠላ ይዘው።

ያኔት አለመፍራቷን ለማሳየት ሳቅ አለች። «መንፈስ አይደለም እኮ እትዬ። ሣጥኑ መቼ እንደሚጫን የሚያውቅበት፣ በጎን የተቀጠለ ጆሮ አለው። ከበሮውን ሲሰማ ሁሉንም ይደፍቃል፤ ሲለቅ ደግሞ ያገኘውን ይጎትታል። ወፍራም ድምፅ እንዳይገባበት ጆሮው ላይ ወንፊት ላበጅለት።»

እሳቸው ግን አጠገባቸው ያለውን ባዶ በርጩማ ያያሉ።

የብየዳ ካውያዋን አጋለች። ወደ ጆሮው በሚሄደው ሽቦ መሃል ወፍራሙን ድምፅ የምታስቀር አንዲት ካፓሲተር በየደች። ከበሮው አሁንም ሾልኮ ገባ። ነቀለቻትና በአቅም ያነሰች ተካች፤ ጉልበቱንም ወደ ልኩ መለሰች።

ዱም። ዘፈኑ ንቅንቅ አላለም። የዲሪባ ቃል አንድ በአንድ ጥርት ብሎ ወጣ። ማጅራቷ ላይ የነበረው ሙቀት ጠፋ፤ አንድ ሰው ተነሥቶ የወጣ ያህል ክፍሉ ቀዘቀዘ።

«ይኸው ልጅዎ!» አለች እጇን እያራገፈች።

እትዬ በቀለች ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠበቁ።

«ይሄ የሰርግ ዘፋኝ ነው» አሉ። «ልጄ የቅድሙ ትንፋሽ ነው፤ አስሙ እያፏጨ አጠገቤ ያደገው። በይ አሁን የከተትሽውን ነቅለሽ አውጪ።»