ቦታ ያጣው ሐመሩ ሐ

መምህርት ሑስና የአገልግሎት ማስረጃዋ ከማተሚያው ሲወጣ ጎንበስ ብላ አነበበችው። "ሁስና" ይላል። በሃሌታው ሀ! ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የወለንጪቲን ልጆች ፊደል ስታስቆጥር፣ በዚህ በሐመሩ ሐ የተነሳ ስንቱን ጆሮ ቆንጥጣለች። ዛሬ አዳማ ላይ፣ የገዛ ተማሪዋ ጀቤሳ የመዝገብ ቤት ኮምፒውተር ሹም ሆኖ፣ ስሟን እንዲህ አበላሽቶ ይሰጣታል። ኤጭ!

"ይሄ የኔ ስም አይደለም።"

"ቲቸር፣ ሲነበብ እኮ ያው ነው።"

ፍርፍር የበላበትን ጣቱን ላሰና ወደ ቁልፎቹ መለሰው። በቁልፎቹ መሃል የደረቀው ወጥ ስንት ወር እንደቆየ እግዜር ይወቀው። ማየቱ ራሱ ቀፈፋት።

ያው ቢሆንማ እዚህ ምን አመጣት? መታወቂያዋ "ሑስና" ይላል። የመዋዕለ ሕፃናት ፈቃድ የሚሰጠው ኮሚቴ ባለፈው ሳምንት "መታወቂያውና የአገልግሎት ማስረጃው የሁለት ሰው ነው" ብሎ መልሷታል። ዛሬ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት የተስተካከለውን ካላቀረበች ፋይሏ ይዘጋል። እሷ ደግሞ በተከራየችው ቤት ግድግዳ ላይ ፊደሉን በቀለም ጽፋ ጨርሳለች።

"ምን ላድርግ ቲቸር? ይሄ አሮጌ ማሽን ለሆሄ ያለው ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ቦታ ብቻ ነው። ቁጥሩም ምልክቱም ከዚያው ላይ ይሻማል። የኛ ፊደል ደግሞ መች ያልቅና! ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ተደጋጋሚዎቹን ለቃቅሜ ጣልኳቸው። ሐመሩን፣ ብዙኃኑን፣ ንጉሡን…" ፈገግ አለ። "ያኔ ተሸልሜበታለሁ።"

"ተሸለምክ? ሐመሩን ጥለህ?"

"መዝገቡ ሁሉ እዚህ ስላለ ማሽኑን መቀየር አልተቻለም።"

"እና ምንም መላ የለውም በለኛ!"

"መላማ አለው። አንዱን ሆሄ አውጥቶ የእርስዎን በቦታው መተካት፣ ታትሞ ሲያልቅ መመለስ ነው። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።"

አምስት ደቂቃ! ስንቱ ሰው ለዚህች አምስት ደቂቃ ሲል ስሙን ለማስተካከል ፍርድ ቤት ሲመላለስ ጫማው አልቋል? "አንተን ፊደል ማስቆጠሬ አስጠላኝ" አለችው ፊት ለፊት።

ጀቤሳ መሳቢያውን ሲስብ ሁለት በረሮ ዘለለ። በእጁ ጠርጎ ጣላቸውና፣ በዚያው እጁ ሆሄያቱን ያስቀመጠበትን ፍሎፒ ዲስክ አውጥቶ ማሽኑ ውስጥ ከተተ። ማሽኑ ሲያጓራ ቆይቶ "ሑስና" የሚል ወረቀት ተፋ። ማኅተም አስመታችና ጫፉን በሁለት ጣቷ ብቻ ይዛ ወጣች። ገና ዐሥር ሰዓት ተኩል ነው። ኮሚቴው ቢሮ በባጃጅ ሩብ ሰዓት ቢወስድ ነው።

ደጅ ላይ እየተጣሩ የደረሱባት ከኋላዋ ተሰልፈው የነበሩት ሽማግሌ ናቸው። የመልካሳ ሰው ናቸው፤ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበሩ።

"እህቴ፣ መነጽሬ ተሰብሮብኝ ነው። እስቲ ስሜ ልክ መሆኑን ተመልከችልኝ።"

"ስምዎ ማን ነው አባቴ?"

"ጴጥሮስ።"

ወረቀታቸውን ተቀብላ አየችው። "ሑጥሮስ" ይላል።

ያ ቆሻሻ ሆሄውን ሳይመልስ ነው ያተመላቸው! የእሷ ሑ የተቀመጠው በሽማግሌው ጴ ላይ ነው። ያስቆመችው ባጃጅ ጡሩንባውን ነፋ። ልሂድ ብትል ማን ያያታል?

ተመለሰች። ጀቤሳ ማሽኑን አጥፍቶ ጃኬቱን እያጠለቀ ነበር።

"እንዴ፣ የእርስዎ ተስተካከለ አይደል? ሌላው ምን አገባዎት?"

ከወጡም ከበረሮውም ይሄ ባሰባት። "ቁጭ በል!" አለችው በክፍል ድምፅዋ፣ እሱም ሳያውቀው ቁጭ አለ። "የሰው ጴ ቀምቼ አልሄድም። አብራው!"

ማሽኑ ለመነሳት ዘላለም ፈጀበት። ፍሎፒውን ሁለት ጊዜ አላነብም አለ፣ በሦስተኛው አነበበ። ወረቀቱ ሲወጣ ሑስና ከሽማግሌው ጎን ተቀምጣ በጣቷ እያሳየች አነበበችላቸው፦ ጴ፣ ጥ፣ ሮ፣ ስ።

"ተባረኪ ልጄ" አሏት።

ቦርሳዋ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ስሟ እንከን አልነበረውም። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ዐሥራ አንድ ከሩብ ይላል።