በሞሉ ኪፓንዴ የወጣው መስመር

ልጄ ባምላክ ኢሜይል የሚሉትን ነገር ሲከፍትልኝ «ስልክ ይጠፋል እማዬ፣ ይሄ ግን አይጠፋም» አለኝ። ከዚያ የማይጠፋውን ወስዶ ከሚጠፋው ጋር አሰረው። ኢሜይሉን በሌላ ኮምፒዩተር ልክፈት ያለ ሰው መጀመሪያ ወደ ስልኬ የሚላከውን የሚስጥር ቁጥር ማስገባት አለበት። ያ ቁጥር ካልገባ እኔው ራሴ ፋናዬ መሆኔን አያምንም። ለጥንቃቄ ነው አለኝ።

ስልኬ ደግሞ ኦዳ ከሚባለው መንደር ስመለስ ከቦዳ ቦዳ ሞተር ላይ ወድቃ ቀረች። ተመልሰን መንገዱን ሁሉ አሰስን፣ ብንደውል ዝግ ነው። ሞተረኛው ቀስ ብዬ ነው የነዳሁት እያለ ይምላል፤ እኔ ግን ወገቤ ምስክሬ ነው።

የጠፋችው ስልክ ብቻ ብትሆን ኖሮ እንዲህ ባልተንጨረጨርኩ። ባምላክ ከጓደኞቹ ጋር ደቡብ አፍሪካ ልግባ ብሎ መንገድ ላይ ነው። ስልክ ይቀሙኛል ብሎ ባዶ እጁን ሄደ። ድንበር በደረሰ ቁጥር ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ይጽፍልኛል፣ እኔ ለእህቱ ለሰሎሜ ምርቃቴን እየነገርኩ አጽፋለሁ፣ እሱ ምርቃቴን ሳያነብ አይሻገርም። በዚህ ተማምለናል። ታንዛኒያ የገባውም በምርቃቴ ነው። እንዲሄድ ወድጄ እንዳይመስላችሁ፤ እዚሁ በኬንያው ሞያሌ ሆቴሌን ይዞ ቢቀመጥልኝ ሌላ ምን እሻለሁ? ሳልመርቀው አንድ ነገር ቢሆንብኝ በምን አንጀቴ እችለዋለሁ ብዬ ነው። አሁን ማላዊ ድንበር ደርሶ ቃሌን እየጠበቀ ይሆናል፣ ቃሌ ደግሞ ተቆልፎበታል።

ሰሎሜ ከራሷ ኢሜይል ልትጽፍለት ብትል አድራሻውን በቃሏ አታውቀውም። ሁልጊዜ ስሙን ነው የምትነካው፣ ስሙም ያለው እዚያው የተቆለፈው ውስጥ ነው።

«መጠባበቂያ ሁለተኛ ቁጥር አስገቡ እያለ ሲለምነን ነበርኮ» አለችኝ ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብለን። «ያኔ የኔን ቁጥር ብናስገባ ኖሮ አሁን በኔ ስልክ ይመጣልን ነበር።»

«ታዲያ ለምን አላስገባሽም?»

«‹በኋላ› የሚል አለው። እሱን ነው ስነካ የኖርኩት።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሁለት ዓመት ኮሌጅ ያስተማርኳት ‹በኋላ› የሚለውን እንድትነካ ነው።

መፍትሄው ያንኑ ቁጥር በአዲስ ሲም ካርድ ማውጣት ነው። ለሌላ ሰው ቀላል ነው፤ ኪፓንዴውን፣ ማለት የኬንያ መታወቂያውን፣ ይዞ ይሄዳል፣ ያወጣል። እኔ ግን ኪፓንዴ የለኝም። የስልክ መስመር በስም ይመዝገብ የተባለ ጊዜ እኔም ጎረቤቶቼም የሄድነው ሞሉ ጋ ነው። ሞሉ ቦረና ነው፣ ሽማግሌ የከብት ነጋዴ፣ እምቢ ማለት ያልፈጠረበት ሰው። የሰፈራችን መስመር ሁሉ በሱ ስም ነው የወጣው። በመንግሥት መዝገብ ከታየ ሞሉ ቀኑን ሙሉ ስልክ ሲያወራ የሚውል ሰው ነው።

ሞሉ ደግሞ ቦሪ ገጠር ከከብቶቹ ጋር ነበር። ሞተር ልኬ እስኪመጣ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። መጣ፣ አቧራ ለብሶ፣ ኪፓንዴውን በላስቲክ ጠቅልሎ። ሰሎሜን አስከትዬ፣ እሱን ይዤ ወደ ሲም ካርድ ሱቅ ሮጥኩ።

እዚያ የምትሠራው ጄን ትባላለች። ሞያሌ ስለተወለደች አማርኛ አታጣም። ኪፓንዴውን አየች፣ ሞሉን አየች።

«በዚህ መስመር ብዙ ጊዜ የምትደውለው ለማን ነው?»

«በዚህ መስመር? ለማንም ደውዬ አላውቅም» አለ ሞሉ።

«እንግዲያ መስመሩ ያንተ አይደለም።»

«የኔ ነው። ግን የሷ ነው።»

ደሜ ፈላ። «ለስጋ ሻጩ ለሻሪፍ» ብዬ ከጎን ጣልቃ ገባሁ።

«ማማ፣ አንቺን አልጠየቅኩም» አለችኝ ጄን። «ባለቤቱ ነው መናገር ያለበት። እንዲህ ሃይዌዜካኒ፣ አይቻልም።»

ለልጄ ነው፣ ድንበር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል ብዬ ለመንኳት። ፊቷ ሲለሰልስ አየሁ፤ ግን ኮምፒዩተሩ መልስ ካልገባለት አያሳልፈኝም አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ባለቤቱ ወጣ ብሎ፣ ረጋ ብሎ ያስታውስና ይምጣ» አለች።

ወጣን። በረንዳው ላይ ተቀምጠን ሽማግሌውን የኔን ኑሮ አስጠናነው። ሰሎሜ ቁጥሮቹን ከስልኳ እያነበበች፣ እሱ እየደገመ። ከብቶቹን አንድ በአንድ በመልክ የሚያውቅ ሰው ሁለት ስልክ ቁጥር አልያዝ አለው። የሻሪፍን ከሰንበቴያችን ቄስ ጋር ያደባልቃል። እኔ እቆጣለሁ፣ እሱ ይስቃል። ኋላ ግን ሳቁን ትቶ «የባምላክ እናት፣ እስኪ ተረጋጊ። ስትጮሂብኝ ቁጥሩ ይሸሻል» አለኝ። ዝም አልኩ። ያዘ።

ተመልሰን ገባን። ሞሉ ደረቱን ነፍቶ ለሻሪፍ ስለ ስጋ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ለቄሱ ስለ ሰንበቴ እንደሚደውል ተናገረ። ጄን ሳቋን በእጇ ሸፍና ጻፈች። ሲም ካርዱ ወጣ።

አለቀ ስል ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ኢንተርኔት ቤት ሄደን፣ ሲሙን ሰሎሜ ስልክ ውስጥ ከትተን የሚስጥር ቁጥሩን ብንጠይቅ ኔትወርክ ጠፋ። ሲመጣ ደግሞ ቁጥሩ ጊዜው አልፎበታል ተባልን። እንደገና ጠየቅን። ኮምፒዩተሩን በጫማዬ ልለው ምንም አልቀረኝም።

በመጨረሻ ተከፈተ። ከባምላክ ሦስት ደብዳቤ ነበር። ሰሎሜ ከታችኛው ጀምራ አነበበችልኝ።

«እማዬ፣ ማላዊ ድንበር ደርሻለሁ። መርቂኝ።»

ቀጠለች። «እማዬ፣ ጓደኞቼ እየቸኮሉብኝ ነው። ምነው ዝም አልሽ?»

ሦስተኛው ትናንት የተጻፈ ነው። «እማዬ፣ ዝምታሽ ገብቶኛል። ድሮም አፍሽ ነው እንጂ ልብሽ እንዳልፈቀደ አውቅ ነበር። ጓደኞቼ ተሻገሩ። እኔ ቀረሁ። ወደ ናይሮቢ የሚመለስ የጭነት መኪና አግኝቻለሁ፣ ነገ ማታ ይነሳል። ከመነሳቴ በፊት አንዴ ገብቼ አያለሁ።»

ነገ ያለው ዛሬን ነው። ሰሎሜ ደነገጠች። ጣቶቿ ፊደሎቹ ላይ ሄዱ። «ሳይነሳ ይድረስለት። ስልኳ ጠፍቶ ነው እንጂ መርቃሃለች ብዬ ልጻፍለት? ምን ልበለው እማዬ?»

ስሳደብ፣ ስለምን፣ ሽማግሌ ከቦሪ ሳስጎትት የከረምኩት ለዚህች ደቂቃ ነበር። ምርቃቱም አፌ ላይ ነበር። ልጄ ደጅ ደጁን ሲያይ፣ ጓደኞቹ ትተውት ሲሄዱ ታየኝ። ከዚያ የጭነት መኪናው አፍንጫ ወደኛ ዞሮ ታየኝ።

እጇን ይዤ ከፊደሎቹ ላይ አነሳሁት።

«ምንም አትጻፊ» አልኳት። «ናይሮቢ እስኪገባ ድረስ ስልኬ አልተገኘም።»