ዳማው በስቶቭነር

...እና ምን ያስፈራኛል፣ ሁለት የኮኮናት ቅርፊት ነው የያዝኩት፣ ሌላ ምንም አይደለም፣ ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ የልብስ ማጠቢያ ሠራተኛ ነኝ፣ አንሶላ አጥቤ አጥፌ ወደ ቤቴ የምሄድ ሰው፣ ዛሬ ግን ከፉሩሴት እስከ ስቶቭነር አውቶቡስ ውስጥ ጭኔን እየደበደብኩ መጣሁ፣ ሶምሶማ፣ ሶምሶማ፣ ሽምጥ፣ አጠገቤ የነበረችው ሴት ተነሥታ ሌላ ቦታ ተቀመጠች። ትቀመጥ። ድራማው ሊጀምር ሰባት ደቂቃ ቀረው።

ሁሉ ነገር የናታሊ ሥራ ነው፣ የልጄ፣ እዚህ ሲከየሙ፣ የኖርዌዩ መጦሪያ ቤት ውስጥ አረጋውያኑን የምታጫውተው እሷ ናት፣ አንድ ቀን ሙሉ የድሮ የለንደን ሬዲዮ እንሁን አለች፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1953 እንደነበረው፣ ጠዋት ስፖርት፣ ረፋዱ ላይ ምክር ለቤት እመቤቶች፣ ቀትር ላይ ሙዚቃና ቀልድ ለፋብሪካ ሠራተኞች፣ ከዚያ ድራማ፣ በየክፍሉ ድምፅ ማጉያ፣ በቀጥታ። ጠዋት የዘጠና ዓመት ሰዎች አልጋቸው ላይ ሆነው በሬዲዮ ትእዛዝ እጃቸውን ሲያነሱ በዓይኔ አየሁ። ቀትር ላይ ነርሱ ዮኤል ቀልድ አነበበ፣ ማንም አልሳቀም፣ ወረቀቱ ከእጁ ወድቆ በአማርኛ ሲሳደብ ማይኩ ክፍት ነበር፣ ያኔ ፎቁ በሙሉ ሳቀ።

ሐሳቡ የሃሮልድ ነው እንጂ። ክፍል አሥራ ሁለት። እንግሊዛዊ፣ ዘጠና ስድስት ዓመቱ፣ በወጣትነቱ ለንደን ሬዲዮ ውስጥ ድምፅ ሠሪ ነበር፣ በር የሚዘጋው እሱ፣ ቆርቆሮ ላይ ሩዝ እየበተነ ዝናብ የሚያዘንበው እሱ፣ አሁን ዓይኑ ጠፍቷል፣ ጆሮው ግን ወፍ ስታዛጋ ይሰማል። ለድራማው የፈረስ ኮቴ ድምፅ ሰውን ሁሉ በኮኮናት ቅርፊት ሞከረ፣ ዮኤል ሲመታ ይሄ ፈረስ አይደለም የጽሕፈት መኪና ነው አለ፣ ናታሊ ስትመታ ይህቺ ደግሞ ሽንኩርት ትከትፋለች። እኔ በዚያ ቀን የአንሶላ ጋሪ ይዤ ሊፍት እጠብቃለሁ፣ ጣቶቼ ብረቱ ላይ፣ ሳላስበው፣ ሶምሶማ፣ ሃሮልድ በተሽከርካሪ ወንበሩ አንገቱን አዞረ፣ ማነው ፈረስ ያስገባው?

አርባ ዓመት አፌን ጠብቄ በጣቴ ተያዝኩ።

አባዬ የት ተማርከው? አለች ናታሊ። ፊልም ላይ፣ አልኳት። ለእሷ ናዝሬት ተማሪ ነበርኩ፣ እንደዚያ ነው የነገርኳት፣ ደብተር የያዘ፣ ፀጉሩን ያበጠረ። ጋሪ ነጂ አላልኩም። ጋሪው የጌታዬ የዋለልኝ ነበር፣ እኔም የእሱ ነበርኩ ማለት ይቻላል፣ ከፈረሱ ጋር ጋጣ ውስጥ እተኛለሁ፣ ገለባ ካለቀ እኔ እደበደባለሁ፣ ፈረሱ አይነካም፣ ፈረስ ይገዛል። ይህን ለልጅ እንዴት ይነግሩታል። ዛሬም አትጠይቀኝ፣ ልምታና ልውጣ።

ሃሮልድ ግን ጠየቀ። የትኛው ፈረስ ነው? ፈረስ ነዋ፣ አልኩ። ኔይ፣ ኔይ፣ አይደለም፣ የትኛው? ዳማ፣ አልኩት። ከአፌ ወጣ። ስሙን ለሰው ብዬው አላውቅም።

ፈታ በል ጋሼ፣ ይላል ዮኤል ስክሪፕቱን እያገላበጠ፣ ፈረስ እንጂ ፈተና አይደለም። እሱ ሐኪሙን ነው የሚጫወተው፣ ከድልድዩ ማዶ ምጥ የያዛት ሴት አለች፣ ጋልቦ ይደርሳል፣ በቃ፣ ድራማው ይኸው ነው። ፈረሱ እኔ ነኝ።

ድልድይ ባይኖረው ምን ነበር።

ቀይ መብራት። ናታሊ ጣቷን ታወርዳለች፣ እጀምራለሁ፣ የጠጠሩ ሳህን ላይ፣ ሶምሶማ፣ አዎ፣ ይሄ ነው፣ ሃሮልድ ጉልበቴን በጉልበቱ ይጎሽመኛል፣ ልቀቀው! እለቀዋለሁ፣ ሽምጥ፣ ትከሻዬ ራሱ ይጋልባል፣ ላብ በጀርባዬ፣ ጋማው ፊቴ ላይ፣ ወይኔ ደስ ሲል፣ ለካ ደስም ይለኝ ነበር፣ ያን ሁሉ ዱላ ሳስታውስ ይሄን ረስቼው፣ ባዶ ጋሪ፣ የጠዋት አየር፣ እኔና ዳማ፣ ሂድ አንተ! ሂድ! አሁን ወደ እንጨቱ፣ ድልድዩ፣ አራት ምት በእንጨት ላይ፣ አምስተኛው፣

ግራ እጄ ቀረ።

አልመታ አለ፣ ሦስት ሰኮና፣ ሦስት፣ አንዱ ይጎተታል፣ ናዝሬት ነኝ፣ አፈሳ ነው፣ ወጣት እየለቀሙ ወደ ጦር ሜዳ ሊጭኑ ነው፣ ከገበያው ከኋላዬ ይጮሃሉ፣ ቁም! አልቆምኩም፣ እንጨቱ ድልድይ ላይ የዳማ እግር በሳንቃው መሐል ገባ፣ ቀጭን የአጥንት ድምፅ፣ ጋሪው ተገለበጠ፣ እኔ ዘልዬ ሮጥኩ፣ እሱ ሊነሣ ሲታገል እንጨቱን ሲመታ እስከ ሸንኮራው እርሻ ድረስ ይሰማኝ ነበር፣ ሦስት ሰኮና፣ አልዞርኩም፣ ዮኤል ቀና ይላል፣ ይሄ ስክሪፕቱ ላይ የለም፣ ምን ሆንክ አንተ ፈረስ? ይላል በኖርዌይኛ፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሃሮልድ የእጄን አንጓ ያዘኝ፣ ሊያስቆመኝ ነው፣ አላስቆመኝም፣ በጆሮዬ ያንሾካሽካል፣ ቀስ አድርገህ አሻግረው ልጄ፣ ቀስ አድርገህ። ልጄ ይለኛል። አሻግረዋለሁ። አንድ። ሁለት። ሦስት። መጎተት። አንድ። ሁለት። ሦስት። መጎተት። ከሳንቃው ወጣ፣ ጠጠር፣ ጠጠር ላይ ነን፣ ዳማዬ፣ በር ላይ ነን፣ ሃሮልድ በገዛ እጁ በሩን ያንኳኳል።

ደረሱ! ትላለች ናታሊ፣ የሴትየዋ እናት ሆና፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ከቴፕ ነው፣ አለቀ።

አላለቀም። ከኮሪደሩ አንዲት አሮጊት ትጮሃለች፣ ፈረሱስ? ሌላ ሽማግሌ፣ ያ፣ አዎን! ፈረሱ ምን ሆነ? አንዱ ግድግዳ ይደበድባል፣ ስለ ሕፃኑ የጠየቀ ሰው የለም፣ ዮኤል በሳቅ አፉን ይዟል፣ ናታሊ ገጹን ትገልጣለች፣ መጨረሻው ነው፣ ስለ ፈረስ የተጻፈ ነገር የለም፣ ቀና ብላ ታየኛለች፣ እጆቼን ነው የምታየው።

አባዬ፣ ፈረሱስ?

ቀይ መብራቱ አልጠፋም። ማይኩን ወደ እኔ እስበዋለሁ፣ ልቤ እንደ ልጅ ልብ ይዘላል፣ ጥዬው ሮጥኩ፣ እላለሁ በኖርዌይኛ፣ በሁሉም ክፍል ይሰማል፣ ናታሊ ማጥፊያው ላይ እጇን ታሳርፋለች፣ መልሳ ታነሣዋለች፣ እኔም እንዴት እንደሚቀጠል ሳላውቅ እቀጥላለሁ፣ ያኔ የሰው ጋሪ ነበር የምነዳው፣ ጌታዬ ዋለልኝ የሚባል...