የሚስት ወንድምና የነጡት ኮራሎች

ሥጋ ቆራጩ የሚስቱን ወንድም የደበደበው በኮራል ምክንያት ነው። ወንዶች የሚፋለሙበት ጉዳይ ጠፍቶ አይደለም፤ ውርስ አለ፣ ድንበር አለ፣ ስካር አለ። እሱ ግን የተፋለመው አፍ እንጂ ዓይን ለሌላቸው፣ ድንጋይ ላይ ተጣብቀው ለሚኖሩ የባሕር ፍጥረታት ብሎ ነው።

የመስታወት ገንዳው ሳሎን የገባው በሐኪም ትእዛዝ ነበር። ሥጋ ቆራጩ ሚዛኑን የተጠራጠረ ደንበኛ በኮሌታው ይዞ ከባንኮኒው ወዲህ ጎትቶ ካሻገረው በኋላ፣ ሐኪሙ «የሚያረጋጋህ ነገር ፈልግ፤ ዓሣ ነገር አርባ» አለው። እሱ ደግሞ ነገር ሲይዝ ልክ አያውቅም። ሁለት ዓሣ በጠርሙስ ሲጠበቅ፣ ጨው፣ ፓምፕ፣ ሰማያዊ መብራትና ኮራል የሞላበት ባሕር ይዞ ከች አለ።

ሚስቱ ደስ አላት። ግን ደስታዋን ሳትጨርስ እንዲህ አለችው፦ «ስማ፤ ከእንግዲህ አንድ ጊዜ እጅህን በሰው ላይ ካነሣህ እወጣለሁ። አልጨቀጭቅህም፣ ሽማግሌ አልሰበስብብህም። እወጣለሁ።» ቃል የማትደግም ሴት ናት። ለዚህ ነው የተናገረችው ሁሉ የሚፈራው።

ከዚያ ወንድሟ መጣ። ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ከሚስቱ ተጣልቶ «ለጥቂት ቀን» ብሎ የገባ፣ ሶፋው የሰውነቱን ቅርጽ እስኪይዝ ድረስ ያልወጣ ሰው። የመሣሪያ ቦርሳው ገንዳው ሥር ይቀመጣል፤ እሱ ገንዳው አጠገብ ይተኛል። ሥጋ ቆራጩ ጥርሱን ነክሶ ቻለው። ዓሦቹን እያየ ቻለው።

ኮራሎቹ መታመም የጀመሩት በዚህ መሐል ነው። መጀመሪያ መስታወቱን የሚልሱት ቀንድ አውጣዎች ተገልብጠው ወደቁ። ቀጥሎ እንደ ጣት የሚወዛወዙት ኮራሎች እየተኮማተሩ እንደ ደረቀ ዘቢብ ሆኑ። ቅርንጫፍ ያላቸው ደግሞ ከሥራቸው ጀምሮ እየነጡ ቆዳቸው እንደ ተቃጠለ ሰው እየተላጠ ወረደ። ሥጋ ቆራጩ ጨዉን ለካ፣ ልክ ነው። ሙቀቱን ለካ፣ ልክ ነው። መብራቱን ዝቅ አደረገ፣ ፓምፑን ፈታ አጠበ። ከሥራ ሲመለስ እጁን እስከ ክርኑ ነክሮ አንዱን ወደ ጥላ፣ ሌላውን ወደ ብርሃን ያዛውራል። እጁ ላይ ያለው አምባር ከድንጋዩ ጋር ሲጋጭ ቂው ቂው ይላል። ባስታመማቸው ቁጥር ባሰባቸው።

እሁድ ከምሳ በኋላ ለኮራል ሻጩ ስልክ ደወለ።

«ዓሦቹስ እንዴት ናቸው?» አለ ሻጩ።

«ምን ይሆናሉ? ይበላሉ፣ ይጣላሉ።»

«ቀንድ አውጣዎቹስ?»

«አልቀዋል።»

«በቃ፣ መዳብ ነው። ዓሣ ትንሽ መዳብ ይችላል፤ ቀንድ አውጣና ኮራል ግን አይችሉም። የሆነ ነገር ውሃው ውስጥ እየገባ ነው። ሽቦ በለው፣ ሳንቲም በለው፣ ቧንቧ በለው...»

ሥጋ ቆራጩ ከዚህ ሁሉ የሰማው የመጨረሻውን ነው። ስልኩን ሳይዘጋ ዞር አለ። አማቹ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ ዳቦ ያኝካል። ከቦርሳው አፍ ቁርጥራጭ የመዳብ ቱቦዎች ብቅ ብለዋል።

«ተነሣ» አለው።

«ምነው ጋሼ?»

«ዕቃህን የምታጥበው የት ነው?»

«የምን ዕቃ?»

«ቧንቧህን! በኔ ባልዲ ነው የምታጥበው፣ የገንዳውን ጨው በምበጠብጥበት ባልዲ!»

«እኔ? እኔ ዕቃ አጥቤ አላውቅም።»

እውነቱን ነበር፤ ቦርሳው ራሱ ይመሰክራል። ሥጋ ቆራጩ ግን ምስክር የሚሰማበት ሰዓት አልነበረም። ደሙ ፈልቷል። የመጀመሪያው ቡጢ ዳቦውን ከነምራቁ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ሁለተኛው ዓይኑ ላይ አረፈ። አማቹ ከሶፋው ተንከባሎ ወደቀና ቦርሳውን ሲዳብስ የቧንቧ መፍቻ እጁ ገባ፤ ሳያይ ወደ ላይ ሰነዘረው። የሥጋ ቆራጩ ጎን ቀጭ ሲል ለሁለቱም ተሰማቸው።

«ሰበርከኝ?» አለ ሥጋ ቆራጩ፣ የተገረመ በሚመስል ድምፅ።

«ልቀቀኝ ጋሼ፣ እግዜር ያሳይህ!»

አልለቀቀውም። ሰውዬውን ሲስተው ግድግዳውን፣ ሲያገኘው ሰውዬውን፣ ሁለቱንም በዚያው ቀኝ እጁ ደበደበ። ከዚያ ማጅራቱን ጨምድዶ አነሣውና የገንዳውን ክዳን በክርኑ ገልብጦ ፊቱን ውሃው ውስጥ ዘፈቀው። «ቅመሰው! መዳብህን ቅመሰው!» ውሃው ወደ ምንጣፉ ገነፈለ። ዓሦቹ ወደ ጥግ ተሰባሰቡ። የአማቹ እግር ሶፋውን ይራገጣል፣ አረፋው ይፈላል፣ የነጡት ቅርንጫፎች ጉንጩ ሥር እየተንኮሻኮሹ ይሰበራሉ። ከዚያ እግሩ መራገጡን ቀነስ አደረገ።

ሚስቱ ልብስ ከምታጥብበት እጇን እያንጠባጠበች ገባች። መፍቻውን ከወለሉ አንሥታ የባሏን ጉልበት ከኋላ መታችው። ዝሆን የሚያህለው ሰው ተንበረከከ። ወንድሟን በሸሚዙ ጎትታ አወጣችው፤ የጨው ውሃና ደም አስታወከ፤ ጉንጩ ላይ የኮራል ስባሪ ተሰክቷል።

«ምን አድርጎህ ነው?» አለች ባሏን።

«መዳብ! ሻጩ ይኸው መዳብ ነው አለ! ጠይቂው!» ስልኩን በቀኝ እጁ ዘረጋላት።

እሷ ግን ያየችው ስልኩን አይደለም። ግድግዳውን የመታበት እጁ አንጓው አብጦ የመዳብ አምባሩ ሥጋው ውስጥ ሰጥሟል። ጠርዙ ላይ ያለው ቆዳ አረንጓዴ ነው፤ ጣቶቹ ጠቁረዋል።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

ሥጋ ቆራጩ አምባሩን አየው። ወንድሟ የመጣ ሰሞን፣ ጋሼ ሥጋ ሲከትፍ እጁን ያመዋል ሲባል ሰምቶ፣ መዳብ ያሽራል ብሎ፣ ከቧንቧ ቁራጭ አጉብጦ የሠራለት ስጦታ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አውልቆት አያውቅም። በሥጋ ቤት፣ በአልጋ፣ በገንዳው ውስጥ። ክው አለ። ቀጥሎ ፊቱ በራ።

«ታዲያ ያው እሱ ነው ማለት ነው!»

«እሱ ሰጠህ፤ የነከርከው አንተ» አለችው። ወደ ወንድሟ ዞረች። «ጣቱ ሊሞት ነው። አምባሩን ቁረጥለት።»

«እቴ፣ በአንድ ዓይኔ ብቻ ነው የማየው።»

«በሱ ቁረጥ።»

አማቹ የብረት መጋዙን አወጣ። ሥጋ ቆራጩ እጁን ጠረጴዛው ላይ አጋደመ። ዕድሜውን ሙሉ ከቢላዋው ወዲህ የቆመ ሰው፣ ዛሬ ወዲያ ማዶ ሆነ። መጋዙ ይፋጫል፤ አማቹ በተሰበረ አፍንጫው እያፏጨ ይተነፍሳል፤ ደሙ ጠብ ጠብ እያለ የሚቆርጠው እጅ ላይ ያርፋል። አምባሩ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። መጋዙ ግን አልቆመም። አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ፣ ረጋ ብሎ ሥጋውን ሄደበት።

ሥጋ ቆራጩ ስለት ሲስትና ሆን ተብሎ ሲቆርጥ ይለያል። ግራ እጁ ተነሣ። የአማቹ ጉሮሮ እዚያው ክንዱ የሚደርስበት ነው። ሚስቱ ቆማ ታያለች። እጁ ቀስ ብሎ ወርዶ ጭኑን ጨመደደ።

«አመለጠህ?» አለ።

«አመለጠኝ» አለ አማቹ፣ በአንድ ዓይኑ እያየው።

«ያመልጣል።»

ቁስሉን በጨርቅ አሰረችለት፤ ጠበቅ አድርጋ፣ በደንብ። ከዚያ መኝታ ቤት ገባች። ስትወጣ ሻንጣ ይዛለች።

«አሁን እኮ አልመታሁትም!» አለ ሥጋ ቆራጩ። «አየሽ አይደል? ሥጋዬን እየገዘገዘ አልመታሁትም!»

«አየሁ። ቅድምም አይቻለሁ።»

ወንድሟን በክንዱ ደግፋ ወጣች። ሥጋ ቆራጩ ጎኑን ይዞ፣ እያነከሰ ተከተላቸው። ደረጃው ላይ ስሟን ጠራ፣ አልዞረችም። ደግሞ ጠራ፤ የታችኛው በር ተዘጋ። ጨርቁ ርሶ ደሙ ደረጃው ላይ ይንጠባጠባል።

ፊት ለፊት ያለችው ጎረቤት በሯን ገርበብ አድርጋ አንገቷን አወጣች። «ምነው፣ ደህና ናችሁ?»

«ኮራሎቹ ታመው ነው» አለ ሥጋ ቆራጩ።

ሴትየዋ ደሙን አየች፣ ፊቱን አየች። «እግዜር ይማራቸው» ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ቁልፉ ሁለት ጊዜ ሲዞር ተሰማ።