ጉና ላይ ያልነበረው ሰው

«አንዴ አልቅሳለት የለ? ለአንድ ሰው ስንት ጊዜ ይለቀሳል?»

ንግስት ይህን ያለችው ማድ ቤት ውስጥ፣ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የእነ እንግዳወርቅ አፓርትመንት ግን ወሬ የሚያስቀር ግድግዳ የለውም። እንግዳወርቅ ሳሎን ውስጥ በተነጠፈላት ፍራሽ ላይ እንደተቀመጠች ሰማቻት። አልተቀየመቻትም። ንግስት ጎረቤቷ ናት፤ ከሰኞ ጀምሮ ከሥራዋ ኦፍ ወስዳ ሰው ስታስተናግድ፣ ሳህን ስታጥብ፣ ፓርኪንግ ያጡ ለቀስተኞችን በስልክ ስትመራ ነው የከረመችው። ደግሞም ውሸት አልተናገረችም።

ጸጋዬ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሰው የሚመጣው በየሺፍቱ ነው። ጠዋት ከአዳር ሥራ የወጡት፣ ከሰዓት የሆስፒታል ልብሳቸውን ያላወለቁ ሴቶች፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ የፓርኪንግ ጃኬት የለበሱ ወንዶች ይመጣሉ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይሉና ከዕድሩ በመጡት ታጣፊ ወንበሮች ላይ ይቀመጣሉ፤ ትንሽ ቆይተው ሰዓታቸውን ያያሉ። እሷም ለሁሉም አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች። እንባ ግን የለም። ያለው ድካም ብቻ ነው፤ ከጉልበቷ ተነሥቶ ትከሻዋ ላይ የሚቆም ድካም።

የሚለቀሰውን ያህል ያለቀሰችው በነሐሴ 1981 ነው፤ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ፣ ገና በሃያ ስድስት ዓመቷ። ያን ጊዜ ጸጋዬ የባሕረ ነጋሽ የመርከብ መስመር ድርጅት የቦይለር ሠራተኛ፣ የመርከቧን እንፋሎት የሚያፈላ ነበር። መስመሩ ሦስት ያረጁ የእንፋሎት ጭነት መርከቦች ነበሩት፤ ጉና፣ ጮቄና ወንጪ ይባላሉ። ሌላው ዓለም በናፍጣ ሞተር ሲሄድ እነሱ ገና ውሃ እያፈሉ፣ ሲሚንቶና ሩዝ ተሸክመው ከካራቺ አሰብ፣ ከአሰብ ምጽዋ ይመላለሱ ነበር። አንድ ማለዳ ከድርጅቱ ሁለት ሰዎች ዘመዶቿን አስከትለው መጡ። ጉና ከካራቺ ወደ አሰብ ስትመለስ በክረምቱ ማዕበል ሰጥማለች፤ የተረፈ የለም አሏት። በያዙት ወረቀት ላይ ሰባተኛው ስም የጸጋዬ ነበር።

ሬሳ ስላልነበረ ፎቶውንና ካፖርቱን ይዘው አለቀሱለት። እንግዳወርቅ ደረቷን እስኪጠቁር ደቃች፤ ድምፅዋ አንድ ወር ሙሉ ተዘጋ። አርባውን አወጣች፣ ተዝካሩን ደገሰች፣ ጥቁሯን ለብሳ ሁለት ክረምት አሳለፈች።

ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሲሞላ ጎረቤት ቤት ስልክ ተጠራች። «እኔ ነኝ» አላት። መነጋገሪያውን ጥላ ወጣች። ያናገረችው በሦስተኛው ቀን፣ በሦስተኛው ጥሪ ነው። የሚደውለው ከግሪክ አገር ነበር። ጉና ላይ አልነበርኩም፣ ስሜ በስህተት ነው የገባው፣ ወረቀት ስላልነበረኝ መደወል አልቻልኩም አለ። ከዚያ በላይ አልጨመረም። በኋላ አሜሪካ ሲያመጣትም፣ ልጃቸው ዮሐና ስትወለድም አልጨመረም። እሷም ደስታው ሲበርድላት አንድ ጥያቄ ቀራት። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ፖስታ ካርድ የሚልክበት ወደብ አላገኘም?

የዛሬ አሥራ አራት ዓመት መልሱን ያገኘች መሰላት። ካፖርቱን ላውንደሪ ልትወስድ ኪሱን ስትፈትሽ ከጅቡቲ የመጣ ደብዳቤ ወጣ። «ልጁ ሦስተኛ ክፍል ገባ፤ ስምህን ያነሳል። እግዚአብሔር ውለታህን ይክፈልልኝ። ልዕልት» ይላል። እንግዳወርቅ ደብዳቤውን ወደ ኪሱ መለሰችው። ያን ዕለት ማታ ትራሷን ይዛ ወደ ዮሐና ክፍል ሄደች፤ ልጅቷ እየፈራች ነው አለች። እሱ አንድ ጊዜም ለምን አላላትም። እንዲህ ሆነው ከረሙ። እሱ ጠዋት የአፓርትመንቶች ማሞቂያ ሊጠግን ይወጣል፤ እሷ በአቅራቢያቸው ባለችው ከተማ፣ አሌክሳንድሪያ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ለሥራ ትገባለች፤ እራት ላይ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ልጅ ትምህርት ያወራሉ። ሳንባው ታሞ ሐኪሙ ድሮ ምን ይሠራ እንደነበር ሲጠይቀው እንኳ «መርከብ ላይ» ብቻ አለ። ሐኪሙ ነው በእንፋሎት ቧንቧ ላይ ይጠቀለል ከነበረው ሽፋን እየተነሣ ሳንባ ስለሚጎዳው ነጭ አቧራ የነገራት። አስታማሚው እሷ ነበረች። አስታመመችው፤ ይቅር ግን አላለችውም።

ወደ አሥር ሰዓት ላይ ደወል ተደወለ። ዮሐና ከፍታ ወደ እናቷ ዞረች።

«ማሚ፣ ሰምዋን ፍሮም አሌክሳንድሪያ» አለች፤ ከአሌክሳንድሪያ ሰው መጥቷል ማለቷ ነው።

የገባው ሰማንያ የተጠጋ፣ ረጅም፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሽማግሌ ነው። ወንበር ሲሰጡት አልተቀመጠም። «ልዑልሰገድ እባላለሁ» አለ፤ «የጮቄ ዋና መካኒክ ነበርኩ።»

እንግዳወርቅ ስሙን ታውቀዋለች። ድሮ ዩ ስትሪት አንድ ምግብ ቤት ራት ሲበሉ ይህ ሰው በበር ሲገባ ጸጋዬ የጎረሰውን እንኳ ሳያላምጥ ተነሥቶ ወጥቷል። ከፍላ ተከትላው ስትወጣና ማን ነው ስትለው፣ ልዑልሰገድ ይባላል፣ አብረን ሠርተናል፣ አሁን አንተዋወቅም ነበር ያላት። ሰውዬው የሚኖረው ሠላሳ ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ላይ ነው። ከሰው ፊት የማይነገር ነገር እንዳለው ከአቋሙ አወቀች። ንግስት እጇን ይዛ አስነሣቻትና ሁለቱን ወደ መኝታ ቤት አስገብታ በሩን ገርበብ አደረገችው።

ክፍሉ ውስጥ የኦክስጅን ማሽኑ ኩባንያው እስኪወስደው ድረስ ገመዱ ተጠቅልሎ ቆሟል። ሽማግሌው እሱን ሲያይ ቆየ።

«ጉና ላይ የነበረው በፈቃዱ የሚባል ሌላ ሰው ነው» አላት።

ከዚያ ቀስ እያለ፣ ትንፋሽ እየወሰደ ነገራት። ጉናና ጮቄ ካራቺ ወደብ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ነበር። ጉና ወደ አገር ቤት፣ ጮቄ ደግሞ ወደ ኮሎምቦ ልትሄድ ነው። ጸጋዬ ጉና ላይ፣ በፈቃዱ ጮቄ ላይ ሁለቱም ቦይለር ክፍል ነው የሚሠሩት። የበፈቃዱ ሚስት አሰብ ውስጥ ልትወልድ ደርሳለች። ጸጋዬ ቤቱን ካየ ስምንት ወሩ ቢሆንም፣ አንተ ሂድ፣ እኔ በሚቀጥለው እገባለሁ ብሎ ቦታውን ለቀቀለት። ልዑልሰገድም የጉናን አለቃ አነጋግሮ ፈቀደ። ወረቀቱ አሰብ ሲደርሱ ይስተካከላል ተባባሉ። በስድስተኛው ቀን ጉና ሰጠመች።

«ኮሎምቦ ሆነን በሬዲዮ ሰማን። ቢሮው ደግሞ የሠራተኞቻችሁን ስም አረጋግጡ ብሎ ጠየቀ። ጸጋዬ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ሚስቴ ታለቅሳለች፣ አሁኑኑ ንገራቸው አለኝ። ሁሉም በየስማቸው አሉ ብዬ መለስኩ።»

«ለምን?»

«ለእሱ የነገርኩት፣ ሴትዮዋ እርጉዝ ናት፣ ትውለድና ከአንድ ወር በኋላ ይነገራታል ብዬ ነው። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። ያለ ወረቀት ሰው መቀየር በዚያ ጊዜ የሚያሳስር ነው። ማንም ሰው፣ ሚስትህም ብትሆን፣ ይህን ከአንተ አፍ እንዳትሰማ ብዬ ቃል አስገባሁት።»

እንግዳወርቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ከሳሎን የታጣፊ ወንበር መንጓጓት ይሰማል።

አንድ ወር የተባለው አንድ ዓመት ሆነ አላት። ወንጪ በጦርነቱ ምጽዋ ወደብ ላይ ተመትታ እንደታሰረች እዚያው ቀረች፤ መስመሩም ተዘጋ። የቀረችው ጮቄ ለብረቷ ተሸጠች። ቺታጎንግ የሚባል ወደብ ወሰዷት፤ እዚያ መርከብ የሚታረደው ባሕሩ ሲሞላ በሙሉ ጉልበት ወደ ጭቃው እየነዱ በማስወጣት ነው። እንፋሎቱን እስከ መጨረሻው የያዘው ጸጋዬ ነበር። መርከቧ ጭቃው ላይ ወጥታ ስትቆም ሁሉም በገመድ ወረደ፤ እሱ የለም። ልዑልሰገድ ፍለጋ ሲወርድ ቦይለሩ ፊት ተቀምጦ አገኘው። የግፊት መለኪያው ዜሮ እስኪገባ አልነሣም አለ። አራት ሰዓት ፈጀበት።

«ያን ጊዜ ነው፣ በፈቃዱ ቀብር አላገኘም ያለኝ። ሴትዮዋን ፈልጌ ሳልነግራት እኔ አለሁ ብዬ ለሚስቴ አልደውልም አለ። እኔ አለሁ ካልኩ ወሬው ቀድሞኝ እሷ ጋ ይደርሳል፣ ባሏ መሞቱን ከመንገድ ወሬ አትሰማም አለ። አሰብ የላከው ደብዳቤ ሁሉ ተመለሰ። እሷ ሕፃኗን አዝላ ከጦርነቱ ሸሽታ ነበር። እየዞረ፣ ባሕርተኛ ባየ ቁጥር እየጠየቀ፣ ጅቡቲ መሆኗን ሲሰማ በአንድ የግሪክ መርከብ ተቀጥሮ ሄደ። ራሱ ነገራት። በዚያው መርከብ ግሪክ እንደደረሰ ላንቺ ደወለ። ለእኔም ደወለ። ካሁን በኋላ አንተዋወቅም አለኝ።»

«ሴትዮዋ ማን ትባላለች?»

«ልዕልት።»

እንግዳወርቅ ዐይኗን ጨፈነች። አሥራ አራት ዓመት ከዮሐና ጋር ጠባብ አልጋ ላይ የተኛችበት ጎኗ አመማት።

«እሷ ተስፋ እንድታደርግ እኔ አለቀስኩ» አለች።

«አዎ።»

«ያ መንግሥት ከወደቀ ሃያ ዓመት አልፎታል። አሜሪካ ማን ያስርዎታል?»

«ማንም።»

«ቃሉን ለምን አላነሡለትም?»

ሽማግሌው እጆቹን ፊቱ ዘርግቶ አያቸው። «አፈርኩ። እንዲህ እያልኩ አንድ ዓመት፣ ደግሞ አንድ ዓመት። መታመሙን ስሰማ ሁለቴ እስከ ሕንፃችሁ በር ነድቼ መጥቻለሁ። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ተመለስኩ።»

ልትጮኽበት ትችል ነበር። በሩን ከፍታ ሳሎን ለተቀመጠው ሰው ሁሉ ልታሰማበት ትችል ነበር። አፏን ስትከፍት ግን ለጩኸት የሚሆን ትንፋሽ አላገኘችም። ይህ ሰውም ደክሟል። ሠላሳ ደቂቃ መንገድ ለመንዳት ሃያ ዓመት ፈጅቶበታል።

«ልጁስ?» አለች።

«ተምሮ ሰው ሆኗል። ጸጋዬ ነው ያስተማረው ይባላል። ስሙንም እናቱ፣ ባሏን እንዴት እንዳጣች ከተነገራት በኋላ ቀይራ ጸጋዬ ብላዋለች። አባቱን ወደ ቤቱ ሊልክ የሞከረ ሰው እሱ ነው ብላ።»

እንግዳወርቅ ተነሣች። ንግስት ምግብ አቅርባ ነበር፤ ሽማግሌው ግን ሊመሽብኝ ነው፣ ማታ አይታየኝም ብሎ ልሂድ አለ። ሳሎኑን አልፋ እስከ በሩ ሸኘችው። ለቀስተኛው ሁሉ ያያቸዋል። ሲገባ አውልቆት የነበረውን ጫማ በቆመበት አጠለቀና ገመዱን ሊያስር ጎንበስ ሲል ወገቡ አልታዘዝ አለው። ግድግዳውን ተደግፎ ሌላ ጊዜ ሞከረ፤ አልሆነም። ይቅር፣ መኪና ውስጥ አስረዋለሁ አለ።

«ቆይ» አለች እንግዳወርቅ።

ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች። ላለፉት ሁለት ዓመታት ትንፋሽ ላጠረው ባሏ ጫማ ያሰረችለት እሷ ነበረች፤ ጠዋት ጠዋት፣ ሳታየው፣ ሳታወራው። እጇ እንደለመደው የቀኙን ገመድ ሳበች፤ እንዳይጠብቅበት ጣቷን ከሥሩ አስገብታ ልክ አደረገችው፤ ድርብ አድርጋ ቋጠረችው። ወደ ግራው አለፈች። ገመዱን አንዴ አቆላለፈችና እጇ ቆመ።

«በቃ፣ ተነሺ፣ እህቴ» አለ ሽማግሌው።

አልተነሣችም። በሁለት እጇ ጫማውን እንደያዘች ግንባሯን ጉልበቱ ላይ አሳረፈች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ንግስት ከማድ ቤት ወጣች፤ ልታነሣት እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ ተወችና አጠገቧ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።