ተኝቶ የሚደክመው ቀለም ቀቢ

ቀለም ቀቢው የሁለት ሰው ምግብ ብቻውን እየበላ ይከሳ ነበር። ጠዋት ጠዋት የጣቶቹ መገጣጠሚያዎች አብጠው ብሩሽ መጨበጥ ያቅተዋል። ጭኖቹ ከመቅጠናቸው የተነሳ ሱሪው አልቆም እያለው በገመድ ያስረዋል። ሦስት የመሰላል እርከን ወጥቶ ቁና ቁና ሲተነፍስ፣ አለቃውም ታላቅ ወንድሙም የሆነው ሰው ከታች፣ «ለምግብ አንበሳ፣ ለሥራ ሬሳ!» ይለዋል። ሠራተኞቹ ይስቃሉ፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ቤቱ ሲገባ ግን፣ «እውነትም ሰንፌ ይሆን?» እያለ ራሱን ይታዘባል።

ስንፍና ነው ብላ ያላመነችው ሚስቱ ብቻ ነበረች።

«ሰው ሠርቶ ይደክመዋል፤ አንተ ተኝተህ ነው የሚደክምህ» ብላ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ታላቅየው እያጉረመረመም ቢሆን በመኪናው አደረሳቸው።

ሐኪሟ ደሙን አስመረመረች። በሌላ ቀን ደግሞ በባዶ ሆዱ አስተኝታ፣ ጭንቅላቱ ላይ ግልጽ የፕላስቲክ ክዳን ደፍታ፣ ሳይንቀሳቀስ ትንፋሹን ለካች። ውጤቱን ስትናገር ሦስቱም ፊቷ ተቀምጠዋል።

«መገጣጠሚያዎ ውስጥ ብግነት፣ ማለትም የሚያሳብጥ መቆጣት አለ። ብግነቱ የሚልከው መልእክት በደም ጡንቻዎ ድረስ ይደርሳል። ጡንቻው አደጋ የመጣ መስሎት የራሱን ሥጋ ያፈርሳል። ትንፋሽዎ እንዳሳየን ሰውነትዎ አርፎ እንኳ ከእኩዮችዎ የበለጠ ኃይል ያቃጥላል።»

«ተኝቶም?» አለ ታላቅየው።

«ተኝቶም።»

ታላቅየው አንገቱን ደፋ። «እኔ ደግሞ በሰው ፊት ሳዋርደው...»

«ተወው ወንድም ጋሼ» አለ ቀለም ቀቢው። ለዓመት ደረቱ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ የወረደለት ያህል ቀለለው። በሽታ እንዳለበት ተነግሮት ደስ ያለው የመጀመሪያው ሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

መድኃኒት በየሳምንቱ መወጋት ጀመረ። ሐኪሟ ጡንቻው እንዲመለስ ቀላል ክብደት ያንሳ ስላለች፣ ታላቅየው ሁለት የቀለም ቆርቆሮ አሸዋ ሞልቶ አመጣለትና በየማለዳው አጠገቡ ቆሞ ቆጠረለት። ሁለት ወር ምንም ለውጥ አልታየም። በሦስተኛው እብጠቱ ጎደለ፤ በስድስተኛው ጭኑ ሥጋ ያዘ። ረጅሙን መሰላል ዛሬም አይወጣም፤ የታችኛውን ግድግዳ ግን ሳያርፍ ይጨርሳል።

አንድ ቀን ሥራ መሀል ለሚስቱ ደወለ።

«ምን ሆንክ?» አለች ደንግጣ።

«ምንም። አንቺ ባታምኚኝ ኖሮ አልቆልኝ ነበር። አመሰግናለሁ ልልሽ ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ለዚህ ነው ልቤን ያቆምከው?» አለች። ስልኩን ግን ቶሎ አልዘጋችውም።