ኖራው ወንዝ የገባ ቀን

«ከረጢቱን ያመጣኸው አንተ ነህ!»

«ተሸከምኩ እንጂ መቼ ጣልኩ? ‹ዓሳው ሰክሮ ይንሳፈፋል፣ ለቅመን እንጠብሳለን› ያልከው አንተ አይደለህ እንዴ?»

«ቀስ በል ጂንሺ፣ ይሰሙናል!»

ደሹን ከቀርከሃው ጀርባ ተለጥፎ ቁልቁል አየ። ጠዋት አንድ ከረጢት ሙሉ የተቃጠለ ኖራ ወንዙ ላይ ዘረገፈ። ውሃው ተንተከተከ፣ ጨሰ፣ ወንዙ የሚያቁርበት ኩሬ በሙሉ ወተት መሰለ። ዓሳ የሚባል ብቅ አላለም። ከሰዓት ወተቱ ነጭ ጭቃ ሆኖ ታች ተኛ፣ ላዩም ጠራ። የባሰው ይሄ ነው፤ ኖራ መግባቱን ማን ያውቃል?

እትዬ ፓን አላወቁም። የሊንፈን እናት ናቸው፤ እግዜር ካለ የደሹን አማት። ወንዙ ዳር ቁጢጥ ብለው ፀጉራቸውን ፈቱት። የያኦ ብሔረሰብ ሴት አስራ ስምንት ሲሞላት አንዴ ፀጉሯን ትቆረጣለች፣ በቃ። የሳቸው ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ ወረደ።

«አለቀልኝ» አለ ደሹን። «ቆዳ ፋቂው ሱ የበሬ ቆዳ ኖራ ውስጥ የሚዘፈዝፈው ለምንድን ነው? ፀጉሩ እንዲላጥ!»

«መላጣ አማት አገኘሁ በላ።»

«አትሳቅ! ልጅቷን ይከለክሉኛል፣ ከዚያ ያርዱኛል!»

ሊጮህ ብድግ አለና ይይዙኛል ብሎ ተመልሶ ተሸጎጠ። እትዬ ፓን ፀጉራቸውን ነከሩት። ያ ወንዝ ከኖራ ድንጋይ ተራራ ሆድ ነው የሚወጣው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል፣ ሳሙናም አረፋ አያወጣበትም። የመንደሩ ሴቶች የሚታጠቡት በኮመጠጠ የሩዝ ውሃ ነው። ዛሬ ግን የሩዝ ውሃው አልቆባቸው ሳሙና ይዘዋል። ሁለቴ አሹት።

«ኧረ ምን ጉድ ነው!» ብለው ጮኹ።

ጭንቅላታቸው ላይ ነጭ ነገር ተቆልሏል። ደሹን ቆዳቸው የተገፈፈ መሰለው። ኖራ ሲጨመርበት ውሃው ውስጥ የሟሟው ኖራ አብሮ ተያይዞ ታች እንደሚወርድ፣ ውሃውም ለሳሙና እንደሚመች ከየት ይወቅ? ደሹን እየተንከባለለ ወርዶ እግራቸው ላይ ተደፋ።

«እትዬ፣ በናትዎ አይግደሉኝ! ኖራውን የጣለው ጂንሺ ነው! እኔማ ተው ብዬው ነበር!»

እትዬ ፓን እስከ ክርናቸው አረፋ ሆነው አዩት።

«ጂንሺ ነው?»

«በሞቴ፣ እሱ ነው!»

«ሰላሳ ዓመት እዚህ ወንዝ ላይ ሳሙና ሳሽ እርጎ እንጂ አረፋ አይቼ አላውቅም» አሉና ወደ ቀርከሃው ቀና አሉ። «ጂንሺ! ና ውረድ፣ ሊንፈንን ላንተ ሰጥቼሃለሁ!»